አሥራ ዘጠኝ እልፍ ከአርባ ሦስት መቶ ከአሥራ ሦስት

ባለፈው ግንቦት ለዘመድ ሠርግ ወደ ቁንዝላ ስሄድ ከሚኒባሱ ሾፌር አጠገብ ያለው ወንበር ደረሰኝ። ከዱርቤቴ ወዲያ መንገዱ መንገድ አይባልም። አቧራው በመስኮት ገብቶ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ መኪናው ሲዘል ስልክ አውጥቶ ማየት እንኳ አይቻልም። ዓይኔን የማሳርፍበት ባጣ ከመሪው ጀርባ ያለውን የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ማየት ጀመርሁ። 194,306 ይላል። ሰባት ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶታል።

«እህቴ፣ ምነው ዓይንሽን ተከልሽበት? ነዳጅ እንደሆነ ሞልቼ ነው የወጣሁት» አለ ሾፌሩ።

«ነዳጁን አይደለም፣ ቁጥሩን ነው።»

«ቁጥሩ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። አንተ ዝም ብለህ ንዳ።»

ቁጥሩ 194,313 ላይ ሲደርስ ከብቶች መንገዱን ዘግተው አገኘናቸው። ሾፌሩ ጥሩምባውን እያስጮኸ ይራገማል፤ እኔ ደግሞ ኧረ ትንሽ ይቆዩ እያልሁ በልቤ እለምናለሁ። ቆዩልኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስሁ። ትልቅ ሴት በመኪና መቁጠሪያ ስታለቅስ ማየት ለሰው ደስ አይልም። ሾፌሩም ጥሩምባውን ትቶ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ።

ያን ቁጥር ያወቅሁት በአንድ ክረምት ነው። አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ስድስተኛን ገና አልጀመርሁም ነበር። ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። የኔታ የእናቴ አጎት ነበሩ። ቁንዝላ ባለ አንድ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉ መሪጌታ ሲሆኑ፣ በዓላቱና አጽዋማቱ በየትኛው ቀን እንደሚውሉ በሚሰላበት በባሕረ ሐሳብ የተመሰከረላቸው ሰው ነበሩ። እናቴ ጭምር «የኔታ» እንጂ በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። በዚያ ዓመት ሐምሌ መግቢያ ላይ መጽሐፋቸውን ከነማኅደሩ ታቅፈው በጀልባ ባሕር ዳር መጡ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለ ነበር ሊታከሙ ነው ተባለ። ሐኪሙ አይቷቸው «ክረምቱ ይውጣና በጥቅምት እንገፍፈዋለን» ብሎ ቀጠራቸው፤ እሳቸውም ፋሲሎ ሰፈር እኛ ቤት ቀሩ።

እናቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል በፈረቃ ትሠራ ነበር። አባቴ የወላይታ ሰው ነው፣ አስተማሪ፤ ክረምት ክረምት ለትምህርት አዲስ አበባ ይሄዳል። እናም ጧት ጧት ቤቱ ውስጥ እኔና የኔታ ብቻ እንቀር ነበር።

በረንዳችን ያን ክረምት የሚሸተው እርጥብ ጋቢና ከሐይቁ የሚመጣ የበሰበሰ ደንገል ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የኔታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ። ውዳሴ ማርያማቸውን ሲጨርሱ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው ያወጡና በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ ተራ በተራ ይነካሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። በሦስተኛው ቀን ጣታቸውን ያመማቸው መስሎኝ ቅባት ይዤ መጣሁ።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ጣትዎን ልሽልዎት ነዋ።»

ሳቁ። የኔታ ሲስቁ ትከሻቸው እንጂ ጥርሳቸው አይታይም። «ጣቴስ ደኅና ነው። ይልቅ ደብተርሽን አምጪና ቁጭ በይ። አራት ዓመት ስንት ቀን ነው?»

አባዛሁ። «አንድ ሺህ አራት መቶ ስድሳ።»

«ሉቃስን ረሳሽው።»

አራቱ ዓመታት በአራቱ ወንጌላውያን እንደሚጠሩ፣ በሉቃስም ጳጉሜ ስድስት እንደምትሆን አውቅ ነበር፤ ብቻ ከሒሳብ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። አንድ ጨመርሁ። 1,461።

«አሁን ያንን በሰባት አባዥው። ዕለታት ሰባት ናቸውና። የወጣውን ደግሞ በአሥራ ዘጠኝ፤ ጨረቃ ከፀሐይ ጋር የምትታረቀው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ነውና።»

ሁለት ጊዜ ሰርዤ በሦስተኛው ወጣልኝ።

«አንድ መቶ ዘጠና አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት።»

«አሥራ ዘጠኝ እልፍ ከአርባ ሦስት መቶ ከአሥራ ሦስት» አሉ እሳቸው፣ የሰው ስም እንደሚጠሩ ሁሉ። «የዐቢይ ቀመር ቀናት ናቸው። አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት። ያን ያህል ቀን ሲያልፍ ዕለቱም፣ ጨረቃዋም፣ በዓሉም፣ ጾሙም ወደ ነበረበት ይመለሳል። አንድ አይተርፍ፣ አንድ አይጎድል።»

«እኛስ? እንመለሳለን?»

«እኛ አንመለስም። ቀኖቹ ናቸው የሚመለሱ።»

ይህ ነገር ፈጽሞ አልጣመኝም። ቀኖቹን ቆጥረን ቆጥረን እነሱ ተመልሰው ሲመጡ እኛ የለንም ማለት ነው። ለእናቴ ማታ ስነግራት «ልጄን ምን እያሉ ነው የሚያስጨንቋት?» ብላ የእራቱን ድስት አወጣች።

ቁጥሩን በግእዝ ሲያስጽፉኝ ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። ፲፱፼፵፫፻፲፫። ከፊት አሥራ ዘጠኝ፣ ከኋላ አሥራ ሦስት። ከፊት የቆመው የጨረቃዋ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ከኋላ የቆመውም የወራቱ ቁጥር መሆን አለበት ብዬ ደስ አለኝ። የኔታ «እስኪ በአሥራ ሦስት ግደፊው» አሉኝ። መግደፍ ይሉታል እሳቸው፤ ትምህርት ቤት ማካፈል የምንለውን። ሁለት ተረፈ። በሠላሳ ሞከርሁ፤ ሦስት ተረፈ። በመካከል የቆመውን አርባ ሦስትንማ አትጠይቁኝ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ተርፎ ደብተሬን ሞላው።

«ወራቱን አይወድም እንዴ?» አልሁ ተናድጄ።

«አይወድም። ሳምንቱን ነው የሚወድ። በሰባት ሞክሪው።»

በሰባት ሲገደፍ ምንም አልተረፈም። 27,759 ወጣ።

«ይህ የሰባ ስድስት ዓመት ቀናት ነው» አሉ የኔታ። «እኔ መስከረም ሲጠባ ስንት ዓመቴ መሰለሽ?»

«ስንት ነው?»

«ሰባ ስድስት።»

እንዴ! ቀና ብዬ አየኋቸው። ያ ሁሉ ቁጥር ሰባት የኔታ ማለት ነበር። ሰባት ሽማግሌ፣ አንዱ የሌላውን ጋቢ ጫፍ ይዞ፣ ከፋሲሎ እስከ ሐይቁ ዳር ተሰልፈው ታዩኝ። የመጨረሻው እኛ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲያ በየጧቱ አብሬያቸው ነበርሁ። ቁጥሩ የሚፈርስበት መንገድ አንድ ነው፣ አይለወጥም። በሰባት ሲገደፍ 27,759። እሱ በአሥራ ዘጠኝ ሲገደፍ 1,461። እሱ በሦስት ሲገደፍ 487። እዚያ ላይ ያበቃል። አራት መቶ ሰማንያ ሰባትን በምንም ብትገድፉት የሚተርፍ አለ። እኔ ራሴ በእናቴ ሞባይል ካልኩሌተር እስከ ሃያ ሦስት ድረስ ሞክሬዋለሁ። «እሱ እምቢ ባይ ነው፣ ተይው» ይላሉ የኔታ።

እኔ ግን አልተውሁትም። በሰፈራችን የቀበሌ ቁጥር በየበሩ ላይ ስለ ተጻፈ አራት መቶ ሰማንያ ሰባትን ፍለጋ ሄድሁ። ማንም የማይነካው፣ የማይከፈት ቤት ጠብቄ ነበር። ጭቃውን እየረገጥሁ ሁለት ቅያስ አልፌ ሳገኘው የእንጨት መሰንጠቂያ ሆኖ ቁጭ! መጋዙ ይጮኻል፤ ሣንቃው በርዝመቱም በወርዱም ይሰነጠቃል፤ ሰጋቱራው በር ድረስ ፈሷል። ለየኔታ ስነግራቸው ትከሻቸው እስኪደክም ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

አንድ ጧት ጠየቅኋቸው። «መልሱን እያወቁት ለምን በየቀኑ ይገድፉታል?»

ዓይናቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ፤ ምን ያህል እንደሚታያቸው አላውቅም።

«ባለፈው መስከረም አንድ ቀን ተሳሳትሁ» አሉ።

ነገሩን ቀስ ብለው ነገሩኝ። መስከረም አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ የባሕረ ሐሳብ መምህር ሕዝቡ ፊት ቆሞ የዘመኑን ያበሥራል። ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ፣ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚያዝ፣ ትንሣኤ መቼ እንደሚውል ይናገራል። የኔታ ይህን ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ያለ ወረቀት ሲያደርጉት ኖረዋል። ያን ቀን ግን ለነነዌ ሲደምሩ ድምሩ ከሠላሳ አለፈ፤ ሠላሳውን ጣሉ፤ ወሩን ግን ሳያሻግሩ ቀሩ። የካቲት ማለት ሲገባቸው ጥር አሉ። ይህ ጀማሪ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት ተቆንጥጦ የሚያልፈው ስሕተት ነው። ከኋላቸው የቆመው ወጣቱ መምህር፣ የገዛ ተማሪያቸው፣ ጠጋ ብሎ ሹክ አላቸውና አረሙት።

«ሰው ሳቀብዎት?»

«ማንም አልሳቀ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሳቸውን መጠርጠር ያዙ። ዓይን ቢጠፋ ግድ አልነበራቸውም፤ የሚያውቁት ሁሉ በቃል ነው። የፈሩት ውስጡ እንዳይጠፋ ነው። ቄሰ ገበዙ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ በመጪው መስከረምም ይቆሙ እንደሆነ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቃላቸውን እንዲልኩለት ጠይቋቸዋል።

«ስለዚህ በየጧቱ ይህን ቁጥር እያፈረስሁ ራሴን እመረምራለሁ። ግን ሰው ራሱን ሲመረምር ያደላል። ምስክር ያስፈልገኛል። ጮክ ብዬ እገድፋለሁ፤ አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ ትሰሚያለሽ። የሳትሁ ቀን ‹ስተዋል› ትይኛለሽ። ያን ቀን አቆማለሁ።»

«ለእማማ ለምን አይነግሯትም?»

«እናትሽ ታዝንልኛለች። አንቺ ገና ማዘን አልለመድሽም።»

ይህን እንደ ሙገሳ ቆጠርሁት። አዲስ ገጽ ከፍቼ «የኔታ» ብዬ ጻፍሁበት። ልክ የሆነበትን ቀን በእስክሪብቶ አንድ ጭረት አሰምራለሁ። ሐምሌ በሙሉ ጭረት በጭረት ሆነ። እንዲያውም አንድ ቀን እኔም በተራዬ አስተማርኋቸው። ትምህርት ቤት እንደ ነገሩን የ194,313ን አኃዞች ደመርሁ፤ አንድ፣ ዘጠኝ፣ አራት፣ ሦስት፣ አንድ፣ ሦስት። ሃያ አንድ ሆነ። «ድምሩ በሦስት ከተካፈለ ቁጥሩም በሦስት ይካፈላል» አልኋቸው። የኔታ በጣታቸው አንጓ ደገሙት። «ሃያ አንድ። ሦስት ጊዜ ሰባት! ሦስቱም ሰባቱም ላዩ ላይ ተጽፎ ኖሯል። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ስኖር አላየሁትም» አሉና ጭንቅላቴን ሳሙኝ። ቀኑን ሙሉ መሬት አልረገጥሁም።

ነሐሴ ገባ፤ የፍልሰታ ጾም ተያዘ። የኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምሱ። እናቴ «በዚህ ዕድሜዎ እንዲህ አይሁኑ፣ በእኔ ሞት!» እያለች ትለምናቸዋለች፤ ማን ሰምቷት! ነሐሴ ዘጠኝ ቀን እንደ ወትሮው ጀመሩ።

«አሥራ ዘጠኝ እልፍ ከአርባ ሦስት መቶ ከአሥራ ሦስት። በሰባት ሲገደፍ ሃያ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ሰባ ዘጠኝ። በአሥራ ዘጠኝ ሲገደፍ አንድ ሺህ አራት መቶ ስድሳ አንድ። በሦስት ሲገደፍ አራት መቶ ሰማንያ ሰባት።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ሃያ ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ ነበር ማለት የነበረባቸው። ከተሳሳተው ላይ ቢገድፉ ኖሮ አሥር ይተርፍና ይነቁ ነበር። እሳቸው ግን አልገደፉም፤ የመጨረሻውን በልማድ ነው ያሉት። አፋቸው መንገዱን ያውቀዋል፣ እሳቸው ግን አብረውት አልነበሩም።

«ልክ ነው?» አሉኝ።

አሁን ያን ጊዜ ያሰብሁትን ብናገር ትስቁብኛላችሁ። ያ ቁጥር የዕድሜያቸው ቀናት ነው፤ እሳቸው ነግረውኛል። በደብተሬ ላይ ቶሎ ቀነስሁት። መቶ ሰማንያ ቀን ጎድሏል። ስድስት ወር። ከየኔታ ዕድሜ ላይ ስድስት ወር የተቀነሰ መሰለኝ፤ «ስተዋል» ካልሁ የሚጸና፣ ካላልሁ ግን ነገ ተመልሶ የሚሞላ መሰለኝ።

«ልክ ነው» አልሁ።

እስክሪብቶውን አስቀመጥሁ። በእርሳስ አሰመርሁና ከጎኑ የሳቱትን በትንሹ ጻፍሁት።

በማግሥቱ በትክክል ገደፉት። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ስድስት ወሩ ተመለሰ! ሦስት ቀን ደኅና ቆዩ። ከዚያ በአሥራ ዘጠኝ መግደፉን ዘለው ከሃያ ሰባት ሺህ በቀጥታ አራት መቶ ሰማንያ ሰባት ገቡ። ሌላ ቀን ሁለት ጊዜ በሰባት ገደፉ። በየትም ቢዞሩ መጨረሻቸው አራት መቶ ሰማንያ ሰባት ነው፤ እሱ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ያርፋል፣ ወደ እኔ ዞረው «ልክ ነው?» ይላሉ። እኔም «ልክ ነው» እላለሁ። ውሸቱ እየቀለለኝ መጣ። እንጀራ ግን አልወርድልሽ አለኝ። እናቴ ወስፋት ነው ብላ መድኃኒት ልታጠጣኝ ምንም አልቀራትም።

ነሐሴ ሃያ ስምንት ቀን ቄሰ ገበዙ በእናቴ ሞባይል ደወለ። የኔታ ስልኩን ገልብጠው ጆሯቸው ላይ አደረጉት፤ እናቴ አስተካከለችላቸው።

«እቆማለሁ» ሲሉ ሰማሁ። «አዎ። ምስክር አቁሜ ተመርምሬያለሁ። አንድም ቀን አልሳትሁ።»

ስልኩን ከዘጉ በኋላ እናቴን «የልጅሽ ውለታ አለብኝ» አሏት። እናቴ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም፤ ግን ደስ ብሏት ሳመችኝ። እኔ ደብተሬን ይዤ ጓሮ ሄድሁና በእርሳስ ያሰመርኋቸውን ጭረቶች ቆጠርሁ።

ወጣቱ መምህር እንደሚያርማቸው አውቅ ነበር፤ የታተመ አጽዋማት ማውጫም በየቤቱ አለ። በጾሙ ላይ የሚመጣ ነገር የለም። የሚመጣው በየኔታ ላይ ነው። ሕዝቡ ፊት ይስታሉ፤ እንደ ባለፈው ማንም አይስቅባቸውም፤ ያን ጊዜ ምስክሬ ዋሽታኝ ነበር ብለው ያውቃሉ።

ጳጉሜ ሁለት ቀን እናቴ ፈቃድ ወስዳ ሦስታችንም በጀልባ ወደ ቁንዝላ ተሻገርን። ሐይቁ ደፍርሶ ቀይ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ በሐይቁ ላይ ስንሄድ ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ፣ መልሼ ዘጋሁ። በማግሥቱ ሩፋኤል ነበር። የሩፋኤል ዝናብ መዝነብ ሲጀምር የቁንዝላ ልጆች ሁሉ እየጮኹ ወጡ፤ የዚያ ቀን ዝናብ ጠበል ነው፣ ማንም አይቀርም። እናቴም ከዘመዶቿ ጋር ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። የኔታ ከቤታቸው ጣሪያ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«ምነው ዝናቡ ውስጥ አልገባሽ? ሂጂ እንጂ ተጠመቂ።»

«የኔታ፣ ስተዋል።»

«ምን አልሽ?»

«ስተው ነበር። በነሐሴ። ልክ ነው ያልሁዎት ውሸቴን ነው።»

ልጆቹ ይጮኻሉ። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ እግራችን ሥር ይረጫል። እኔ እስኪመቱኝ ጠበቅሁ፤ ይመቱኝም ብዬ ተመኘሁ።

«ስንት ቀን?» አሉ።

«አሥራ አንድ።»

«ጽፈሽዋል?»

«አዎ።»

«አንብቢልኝ።»

ደብተሬ ከልብሴ ሥር ደረቴ ላይ ነበር። አነበብሁላቸው። ነሐሴ ዘጠኝ፣ በሰባት ሲገድፉ እንዲህ አሉ። ነሐሴ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ዘጠኝን ዘለሉ። ነሐሴ ሃያ፣ ሁለት ጊዜ በሰባት ገደፉ። ከእያንዳንዱ በኋላ «ቀጥይ» ይላሉ። ጳጉሜ አንድ ላይ ስደርስ አቆምሁ፤ ያን ቀን መነሻውን ቁጥር ራሱን ነበር የሳቱት። አሥራ ዘጠኝ እልፍን አሥራ አራት ብለው ነበር የጀመሩት።

«ቀጥይ።»

አነበብሁ። ጨርሼ ደብተሩን ዘጋሁ። የኔታ አውራ ጣታቸውን ወደ አንጓቸው ወሰዱ፤ ከንፈራቸው አንድ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ እጃቸውን መልሰው ጋቢው ውስጥ አስገቡት።

«እናትሽ ታዝንልኛለች ብዬ አንቺን መረጥሁ» አሉ። «አንቺም አዘንሽልኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ።»

«አሁን ሂጂ፣ ዝናቡ ሳያባራ።»

ሄድሁ። ከልጆቹ መሐል ቆሜ ዝናቡን ታጠብሁ፤ አለቀስሁም፣ ማንም አላወቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን ሙሉ የኔታ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሱም። ለቄሰ ገበዙም ለእናቴም አልነገሩም። ከመምህራኑ ጋር ሲቀመጡ እንደ ወትሮው ናቸው። ይቆማሉ ብዬ ፈራሁ። እልህ ይዟቸው ይቆማሉ፤ ይስታሉ፤ ያ ሁሉ ሰው ዝም ይላል።

መስከረም አንድ ቀን ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ቀረ። ሣሩ እርጥብ ነው፤ ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል ቆሙ። ቄሰ ገበዙ «የዘመኑን መሪጌታ ያበሥሩናል» አለ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ፊት ወጡ። እናቴ አጎቷ ሲከበሩ ልታይ ነጠላዋን አስተካክላ በእግሯ ጣት ቆማለች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«ወገኖቼ» አሉ የኔታ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «አምና እዚህ ቆሜ የነነዌን ወር አሳስቼ ነገርኋችሁ። ሳትስቁብኝ አለፋችሁኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ የዘመኑን የሚነግራችሁ መምህሩ ነው። እኔ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ኧረ የለም፣ የኔታ!» ያሉ ነበሩ። ወጣቱ መምህር አንገቱን ደፋ። የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«መጥፋቱን እኔ አላወቅሁም ነበር። የነገረኝ ሰው አለ። ለመናገር እንዴት እንደ ተጨነቀ እኔ አውቃለሁ። ሌላ የምጠይቃችሁ የለኝም። ያንን ሰው መርቁልኝ።»

ስሜን አልጠሩም። ወደ ሴቶቹም በኩል አልዞሩም።

ቄሰ ገበዙ ጉሮሮውን ጠርጎ መመረቅ ጀመረ። «ያንን ሰው ዕድሜ ይስጥልን።»

«አሜን» አለ ሕዝቡ።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ማነው ይሄ ጨካኝ?» አለችኝ። «ሽማግሌ ፊት ቆሞ እንዲህ ብሎ የሚናገር አንጀት ያለው ማነው?»

«ከክፉ ነገር ይሰውርልን» ቀጠለ ቄሰ ገበዙ።

«አሜን» አለች እናቴ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ።

«አንደበቱን ለእውነት ያቅናልን።»

ግቢው በሙሉ አሜን አለ። እናቴም አለች፤ የኔታም በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ሲል አየሁ። እኔ ብቻ አፌን መክፈት አቃተኝ።